በገና ሰሞን ባሌ ላይ አንድ ቀን፦ ቀበሮዋን ተዉአት፣ ፍልፈሉን ጠብቁ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው እንዲህ ነው፦ እዛ ውጭ አገር ዊንተር ስለሆነ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ለገና ከነቤተሰብሽ ትመጫለሽ፣ አባትሽም አብረው ይሄዳሉ (68 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው)፣ ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ብቻ አላችሁ፣ ቀይ ቀበሮ ማየት ትፈልጋላችሁ፣ የአክስትሽ ልጅ ደግሞ "በዚህ ብርድ ምንም አታዩም፣ አውሬው ሁሉ ተደብቆ ነው የሚውለው" ብሎሻል። ስንት ሰዓት፣ የት፣ ምን ይዘን ነው ጥያቄው።

እኔ ሳኔቲ ላይ (ፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛው ሰፊ ሜዳ) ለብዙ ዓመት ቀበሮ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የአክስትሽ ልጅ ስለ ብርዱ ልክ ነው፣ ስለ አውሬው ግን ተሳስቷል።

በመጀመሪያ ይቺ ዊንተር የምትባለው ነገር ሰው ታምታታለች። እዛ ዊንተር ሲሆን እኛ ጋ በጋ ነው፣ ሰው ግን ክረምት ሲባል ብርድ፣ በጋ ሲባል ሙቀት ይመስለዋል። ባሌ ላይ ተቃራኒው ነው። ታህሳስና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ደመና የሚባል የለም፣ ደመና ከሌለ ደግሞ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝለት ብርድ ልብስ የለውም፣ ሁሉም ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ ሳኔቲ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች በደንብ ይወርዳል፣ ጠዋት ሳሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ኩሬው ዳር ዳሩ በረዶ ይሰራል። ከዛ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ጃኬት አውልቀሽ ፊትሽ በፀሀይ እየተቃጠለ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም። ክረምት ላይ ብትመጪ ግን ዝናብና ጉም ነው፣ አስር ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ቀበሮ ላታዪ ትችያለሽ፣ እና የመጣሽበት ጊዜ አሪፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ ሳኔቲ ላይ ሲወጣ ቀበሮ ፍለጋ ነው የሚንከራተተው፣ መኪናው ከጫፍ ጫፍ ይበራል፣ ልጆቹ በመስኮት "የታል የታል" ይላሉ፣ በመጨረሻ ደክሟቸው ይመለሳሉ። እኔ የምልሽ ቀበሮዋን ተዪአት፣ አይጡን ፈልጊ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ምግብ ከ95 ከመቶ በላይ አይጥና ፍልፈል ነው። አይጥ ባለበት ቀበሮ አለ፣ አይጥ በሚወጣበት ሰዓት ቀበሮ ስራ ላይ ነው፣ በቃ። እንደ ጅብ ወይ እንደ ነብር የሌሊት አውሬ አይደለም፣ የቀን ሰራተኛ ነው፣ ምክንያቱም አይጡም የቀን ነው።

ከአይጦቹ ሁሉ ዋናው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ባሌ ላይ ካልሆነ በዓለም ላይ የትም የለም፣ ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ ዓይኑ ጭንቅላቱ አናት ላይ ነው ያለው፣ ለምን ቢባል ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ሙሉ ሰውነቱን ሳያወጣ ዙሪያውን እንዲያይ። የሚያደርገው ነገር ያስቃል፦ ከጉድጓዱ ግማሽ ይወጣል፣ ዙሪያውን ያለውን ሳር በጥርሱ እየነቀለ ያፍሳል፣ ሲበቃው የኋሊት ጭልጥ ብሎ ይገባል። ከውጭ የሚቆየው በጣም አጭር ጊዜ ነው። አጠገቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ታያለሽ፣ እሱ አፈሩን ሲቆፍር የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮሃለች፣ እሱም ሰምቶ ይገባል። ልጆቹ ይሄን ካዩ ቀበሮውን እንኳን ሊረሱት ይችላሉ፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቀበሮ ልመዘግብ ወጥቼ ፍልፈል ሳይ ውያለሁ።

እና ሰዓቱ የሚወሰነው በዚህ ነው። አመዳይ ላይ አይጥ አይወጣም፣ ፀሀይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቃል። ስለዚህ ሌላ ፓርክ ላይ የሚባለው "ጎህ ሳይቀድ ካልደረሳችሁ አለቀ" የሚለው ህግ እዚህ ሙሉ በሙሉ አይሰራም። እኔ ብሆን ከጎባ ከተማ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ እነሳለሁ፣ ሜዳው ላይ አንድ ሰዓት ገደማ እደርሳለሁ። በዛ ሰዓት የምታዪው አደን ሳይሆን ቤተሰቡን ነው። ቀበሮዎቹ ሌሊት ሜዳ ላይ ነው የሚተኙት፣ ጉድጓድ የሚገባ የለም፣ ተጠቅልለው አፍንጫቸውን ጅራታቸው ስር ከተው፣ ጠዋት ሲነሱ ጀርባቸው ላይ አመዳይ አለ። ከዛ ይነሱና ይላላሳሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ጅራት ይወዛወዛል፣ አንድ ላይ ሆነው የክልላቸውን ድንበር ይዞራሉ፣ ሽንታቸውን እየረጩ። ከዛ ይበታተናሉ። ይሄ ነው የሚገርመው፣ የሚኖሩት በመንጋ ነው፣ የሚያድኑት ግን ለየብቻ። አንድ አይጥ ለሁለት አይካፈልማ።

ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው ወርቁ ጊዜ። አይጡ ወጥቷል፣ ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ እየተሳበ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ከዛ ዘሎ ይጥላል። ወይም ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወይም አፈሩን ወደ ኋላ እየበተነ ይቆፍራል። ከከብት መንጋ መሀል ሆኖ ሲሄድ ካያችሁም አትገረሙ፣ ላሞቹን እንደ መከለያ ይጠቀምባቸዋል፣ አይጡ የለመደው የላም ኮቴ ስለሆነ አይጠረጥርም። ኦሮምኛ ላይ ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ልትወልድ የደረሰች ፈረስ ወይ ላም እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል።

አፈላለጉ እንዴት ነው፦ ሾፌሩን ቀስ በል በይው፣ ሳሩ አጭር የሆነበት፣ አዲስ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ክምር የበዛበት ቦታ ስታዩ መንገዱ ዳር አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሃያ ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው አውቃለሁ በተለይ ከልጅ ጋር፣ ግን ሞተር ሲጠፋ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ምንም የለም፣ ከዛ አንድ አይጥ፣ ከዛ ሶስት፣ ከዛ ሜዳው ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስልሻል። ሰማዩንም እዩ። ንስርና ጭልፊት ዝቅ ብለው እየዞሩ ከሆነ ከስር አይጥ አለ ማለት ነው። እንደውም የእናንተው ዊንተር እዚህ ጋ ይጠቅማል፣ በዚህ ወቅት ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ስቴፕ ንስሮች ሳኔቲ ላይ አይጥ ሲለቅሙ ይከርማሉ፣ ኩሬዎቹ ላይም ከአውሮፓ የመጡ ዳክዬዎች ይኖራሉ። ልክ እንደናንተ ለዊንተር የመጡ ዲያስፖራ በያቸው ለልጆቹ።

ከመኪና ባትወርዱ ይሻላል። ብዙ ሰው እግሬን ላፍታታ ይልና ይወርዳል፣ ቀበሮው መኪና ለምዷል፣ ሰው በእግሩ ሲመጣ ግን ይርቃል። መኪናው መደበቂያችሁ ነው። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ደግሞ በፍጹም። አንድ ጊዜ አንድ ሾፌር ለእንግዶቹ ፎቶ ብሎ ሜዳው ላይ ገብቶ ቀበሮ ሲያባርር ደረስኩ፣ ስንት የፍልፈል ጉድጓድ ደፍጥጦ፣ ቀበሮውም ጠፋ እንግዶቹም ፎቶ አላገኙም፣ ጉርሻ ግን ሰጡት! ሾፌራችሁ "ጠጋ ላርግላችሁ" ካለ አይሆንም በይው። ፍጥነቱንም ያዙት፣ ያ መንገድ ላይ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎች አሉ፣ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ትልልቆቹ ወደ 500 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ።

ታህሳስ መጨረሻና ጥር ላይ ሌላ ነገርም አለ፣ ቡችሎቹ። ከጥቅምት ጀምሮ ነው የሚወለዱት፣ እናንተ በምትመጡበት ሰሞን ከጉድጓድ ወጥተው ፀሀይ የሚሞቁ ሊኖሩ ይችላሉ። የምትወልደው የመንጋው ዋና እናት ብቻ ናት፣ ሌሎቹ አጎት አክስት ሆነው አይጥ በሆዳቸው ይዘው መጥተው እየተፉ ያበላሉ። እና ሶስት አራት ትልልቅ ቀበሮ አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሱ ካያችሁ ጉድጓድ አለ ማለት ነው፣ ከሩቅ በባይኖኩላር እዩ፣ እንዳትጠጉ። ከተረበሹ እናትየው ቡችሎቹን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጉድጓድ ትወስዳለች፣ በዛ ብርድ ደግሞ ጉዞው ለቡችላ ቀላል አይደለም።

ቀይ ቀበሮ መሆኑን በምን እናውቃለን ላልሽው፣ ረጅም እግር፣ ሹል ቀጭን አፍ፣ ቀይ ሰውነት፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ፣ ጅራቱ ጫፉ ጥቁርና ጎፈር ያለ። ዝቅ ያለው አገር ላይ የሚታየው ተራው ቀበሮ ግራጫ ነገር ነው፣ አያምታታም። በነገራችን ላይ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘር ሲታይ ከተኩላ ወገን ነው።

አባትሽን በተመለከተ። ይሄንን ቀለል አድርገሽ እንዳታዪው። የሳኔቲ ሜዳ 4000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፍ ደግሞ 4377፣ መኪናው ጫፉ ድረስ ይወጣል። በዛ ከፍታ አንዴ ስትተነፍሺ የምታገኚው ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ከምታገኚው ወደ 60 ከመቶ ገደማ ነው። ከውጭ መጥታችሁ አዲስ አበባ ሁለት ሶስት ቀን ካደራችሁ፣ ከዛ ጎባ ወይ ዲንሾ (የፓርኩ ጽ/ቤት ያለበት ከተማ) አንድ ሌሊት ካደራችሁ ሰውነት ትንሽ ይለምዳል፣ ከኤርፖርት ቀጥታ ግን አይሆንም። አባትሽ ከመምጣታቸው በፊት ሀኪማቸውን ይጠይቁ፣ 4000 ሜትር እወጣለሁ ብለው ቁጥሩን ይንገሩት፣ "ተራራ" ብቻ ካሉት ሀኪሙ እንጦጦ ሊመስለው ይችላል። እዛ ላይ ደግሞ መኪና ውስጥ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ አይሩጡ አይቸኩሉ። ለማንኛችሁም ራስ ምታት በረታ፣ ማቅለሽለሽ መጣ፣ እግር መንገዳገድ ጀመረ ካላችሁ ክርክር የለም፣ ወደ ጎባ ውረዱ፣ በመኪና በአጭር ጊዜ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ትንሹ ልጅም ዝም ካለ ጠይቁት፣ ህጻን ራሴን አመመኝ ላይል ይችላል፣ ይነጫነጫል እንጂ። ቱሉ ዲምቱን እኔ ብሆን እዘለዋለሁ፣ ቀበሮው ያለው ሜዳው ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ነፋስና ፎቶ ነው ያለው።

የሚያዝ፦ ለጠዋት ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። ለአባትሽ ጋቢ፣ ከምንም ጃኬት ይበልጣል፣ መኪና ውስጥ ጉልበት ላይ ጣል ማድረግ ነው። የፀሀይ መነጽርና ሰንስክሪን ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፣ በዛ ከፍታ ፀሀይዋ የምታቃጥል አትመስልም ግን ማታ አፍንጫችሁ ተልጦ ታገኙታላችሁ። ፔርሙዝ ሻይ፣ ዳቦ፣ ቆሎ (ከገና በፊት ከሆነ ጾም ስለሆነ ምሳችሁን ከጎባ አዘጋጅታችሁ ውጡ፣ ላይ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም)። ባይኖኩላር 8 በ42 የሚባለው (8 እጥፍ የሚያጎላው) በቂ ነው፣ 12 ያጎላል ብላችሁ ትልቁን አትግዙ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምንም አያሳይም፣ በብርድ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ጎባ ወይ ሮቤ ሙሉ። ምግባችሁን ለቀበሮ እንዳትወረውሩ፣ ልጆቹ አንዴ ብቻ ይላሉ፣ እሺ አትበሏቸው። ሰው እጅ የለመደ ቀበሮ መንገድ ዳር መቆም ይጀምራል፣ መንገድ ዳር የቆመ ደግሞ ይገጫል።

ውሻ ጉዳይ ጠይቀሻል፣ የዘመዶቻችሁን ውሻ ልጆቹ ይዘን እንሂድ ብለዋል አልሽ። አይቻልም። ፓርኩ ባይከለክል እንኳ እኔ እለምንሽ ነበር። ቀይ ቀበሮን ባሌ ላይ በጅምላ የገደለው ጥይት አይደለም፣ ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1991 እና 92 (እ.ኤ.አ.) ስንት መንጋ ጨርሶ ጠፋ፣ ከዛም በ2003፣ በ2008፣ በ2014 ተመልሶ መጥቷል፣ መሀል ላይ ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ። ለዛ ነው በየመንደሩ ውሻ የሚከተበው፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው በስጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ክትባቱን ስጋ ውስጥ ደብቆ በሌሊት ሜዳ ላይ ማደል ምን ያህል ስራ እንደሆነ ብታዪ!

ደጋ አጋዘን ልጆቹ ማየት ይፈልጋሉ ብለሻል፣ እሱ እንደውም ቀላሉ ነው፣ ግን ሳኔቲ ላይ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔም ሆነ በአሰላ ስትመጡ ዲንሾ ከመድረሳችሁ በፊት ጋይሳይ የሚባለውን ሜዳ መንገዱ ራሱ ያቋርጠዋል። በዋዜማው ስትመጡ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ እዛ እንድትደርሱ አድርጊ፣ ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። የድሮዋ አስር ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው፣ አባትሽ ለልጆቹ ያስረዱበት። ታህሳስ የመራቢያ ጊዜው ስለሆነ ወንዶቹ ፉክክር ላይ ናቸው፣ ግን እንደ በግ ቀንድ ለቀንድ አይጋጩም ብዙ ጊዜ፣ ጎን ለጎን ሆነው የጀርባ ጸጉራቸውን አቁመው በዝግታ ይራመዳሉ፣ ማን ይገዝፋል እንደማለት፣ ሁለት ሽማግሌ በገብርኤል ዕለት በነጠላ ሲንጎራደዱ በይው። ከሱ ጋር ከርከሮ፣ ቦሆርና የምኒልክ ድኩላ ታገኛላችሁ፣ ዲንሾ ጽ/ቤቱ ግቢ ያለው ጥድና ኮሶ ጫካ ውስጥ ደግሞ አጋዘኑ በጣም ቅርብ ይመጣል። የመግቢያውን ክፍያም አስጎብኚ መያዙንም እዛው ዲንሾ ጨርሱት፣ በማግስቱ ጠዋት በወረቀት ሰዓት እንዳታባክኑ።

ሐረና ጫካንም እንጨምር ወይ ላልሽው፣ አትጨምሩ። ከሳኔቲ ወርዳችሁ ሪራ ስትደርሱ ሌላ ዓለም ነው፣ ቀርከሃ፣ ጉሬዛ፣ የባሌ ጦጣ፣ አንበሳ እንኳን አለ፣ ግን የራሱ ሁለት ቀን ይፈልጋል። አንድ ቀን ላይ ሁለቱን ካጨቃችሁ ወርቁን ሰዓት መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ። እኔ የማውቃቸው እንግዶች የተጸጸቱት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ከሰዓት 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነፋሱ ይነሳል፣ ያኔ ትንሽ ተኙ ወይ ጅብራውን እዩ፣ ያ ከሰው በላይ የሚቆመው እንጨት መሳይ ነገር፣ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለተኛ ዙር አለ፣ ቀበሮዎቹ መሰባሰብ ይጀምራሉ። 11 ሰዓት ላይ ግን መውረድ ጀምሩ፣ ቁልቁለቱን በጨለማ አትንዱት፣ ፀሀይ ስትጠልቅ ደግሞ ብርዱ በአስር ደቂቃ ነው የሚመጣው።

ዋስትና አልሰጥሽም፣ ግን ጥርት ባለ የታህሳስ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳኔቲ ላይ ቆይቶ አንድም ቀበሮ ሳያይ የወረደ እንግዳ በጣም ጥቂት ነው ያጋጠመኝ፣ እነሱም አብዛኞቹ 5 ሰዓት ደርሰው 7 ሰዓት የወረዱ ናቸው። ስለዚህ ለሾፌሩ ማታውኑ ንገሪው፣ 12 ሰዓት ስትይው "በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ" ብሎ እንዳይጠይቅሽ፣ ቁርስም ሆቴል እንበላለን ካላችሁ 2 ሰዓት ይሆናል፣ ቁርሱን አስጠቅልላችሁ መኪና ውስጥ ብሉት።